ባለ ሁለት ሞተሯ የሮቦት መኪና ኪት፦ ለልጆች የክረምት ካምፕ ትሆናለች?

ትምህርት ቤት ሲዘጋ በሚለጠፉ የልጆች የቴክኖሎጂ ካምፕ ማስታወቂያዎች ላይ ደጋግማ የምትታይ መኪና አለች፦ ግልጽ የፕላስቲክ ወለል፣ ሁለት ቢጫ ሞተር፣ ከፊት የርቀት ሴንሰር፣ መሐል ላይ አርዱዪኖ ኡኖ (ኮዱ የሚጫንበትና መኪናዋን የሚያዝዘው ትንሽ ቦርድ)። ሳጥኗና ስሟ ይለያያል እንጂ ውስጧ ያው ነው። ለካምፕ የምትሆን ዕቃ ናት። ሆኖም ከሳጥኗ እንደወጣች ለልጅ ከሰጧት የመጀመሪያውን ቀን ታበላሻለች።

ትልቁ ጉድለቷ ኃይል ላይ ነው። ብዙ ጊዜ አብሯት የሚመጣው ባለ 9 ቮልቱ አራት ማዕዘን ድንጋይ ወይም የእሱ ማያያዣ ነው። ይህ ድንጋይ ለመልቲሜትር ዓይነት ትንሽ ኮረንት ለሚበላ ዕቃ የተሠራ ነው። ሁለቱ ሞተሮች አንድ ላይ ሲነሱ ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ቦርዱ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል፣ መኪናዋ ተንቀጥቅጣ ትቆማለች። ልጁ ጥፋቱ ከኮዱ ስለሚመስለው ደህናውን ኮድ ሲነካካ ይውላል። ኤል298ኤን የተባለው ሞተር ነጂም (የቦርዱን ትእዛዝ ተቀብሎ ለሞተሮቹ ኃይል የሚያደርሰው ክፍል) ራሱ ወደ 2 ቮልት ይበላል፤ በአራት የሪሞት ድንጋይ (6 ቮልት) ቢያስነሷት ለሞተሩ የሚተርፈው 4 ገደማ ነው። ቲቢ6612 የተባለው ነጂ ብክነቱ በጣም ያነሰ ነው፤ ካገኙት ይቀይሩት። ካልሆነ ሁለት 18650 ሊቲየም ባትሪ በተከታታይ ያስገቡ፦ 7.4 ቮልት፣ ሙሉ ሲሆኑ 8.4። 9900 ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh) የሚል ጽሑፍ ያለበትን ግን አይመኑ፤ ደህና 18650 ባትሪ 3500 ገደማ ነው የሚይዘው። እነዚህ ባትሪዎች ሾርት ካደረጉ በእሳት የሚጫወቱ ናቸውና ማስገባቱም ቻርጅ ማድረጉም የአዋቂ ሥራ ይሁን።

ከዚያ የሚመጣው የሞተሮቹ ሽቦ ነው። በሞተሩ ጎን ያሉት ሁለት የመዳብ ምላሶች ስስ ናቸው፤ ሽቦ ጠምዝዘው ካንጠለጠሉባቸው ይቆረጣሉ፣ ሲቆረጡም ሞተሩ አብሮ ይጣላል። አሠልጣኙ አስቀድሞ ቢበይዳቸውና በትኩስ ሙጫ ቢያስራቸው ይሻላል። ለአሥር መኪና ሦስት ትርፍ ሞተር መያዝ ብልህነት ነው።

መገጣጠሙ ራሱ ደስ ይላል፤ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። ወለሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት መጀመሪያ ይላጥ። ብሎኑ ዳዶውን ከያዘ በኋላ ካቻቪቴውን አለመጫን ነው፤ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ሽቦ ሲያገናኙ በብዛት የሚረሳው የባትሪው ኔጌቲቭና የቦርዱ ጂኤንዲ (GND የተጻፈበት የኔጌቲቭ መሰኪያ) መገናኘት ነው፤ ያ ካልሆነ ሁሉም መብራት በርቶ መኪናዋ አትታዘዝም። ሴንሰሯን የሚያዞር ሰርቮ (ትንሽ ሞተር) ካላት ደግሞ የሞተሮቹን ፍጥነት የሚወስኑትን ሽቦዎች ፒን (ቁጥር የተጻፈበት የቦርዱ መሰኪያ) 9 እና 10 ላይ አይሰኩ። ኡኖ ላይ የሰርቮ ላይብረሪው (ሰርቮውን የሚያንቀሳቅሰው ዝግጁ ኮድ) የሁለቱን ፒኖች የፍጥነት ቁጥጥር ያጠፋዋል። 5 እና 6 ደህና ናቸው።

የርቀት ሴንሰሩ ለዋጋው ግሩም ነው፤ ሒሳብ ለማስተማርም ይመቻል። ድምፅ ልኮ የሚመለስበትን ጊዜ ይለካል፣ ማይክሮሰከንዱ ለ58 ሲካፈል ሴንቲሜትር ይሆናል። መጋረጃና ጋቢ ድምፁን ስለሚውጡ፣ ሰያፍ ግድግዳም ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚመልሰው መኪናዋ ልትጋጭ ትችላለች። ይህን ልጆቹ ራሳቸው እንዲደርሱበት መተው ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። መስመር ተከታዩ ሴንሰር (መኪናዋ ጥቁር መስመር እንድትከተል የሚያደርገው) ፀሐይ አይወድም። ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ናስትሮ ለጥፈው ከመስኮት ራቅ ያድርጉት፣ ሴንሰሩ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ማስተካከያም እዚያው ቦታ ላይ ያዙሯት።

ብሉቱዝ ያላት ኪት ከሆነች አስቂኝ ችግር ይጠብቅዎታል፦ ኤችሲ-05 ሞጁሎች ሁሉ አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቁጥር (1234) ይዘው ነው የሚመጡት። አሥር መኪና ባለበት ክፍል ልጁ የጎረቤቱን መኪና ሲነዳ ይገኛል። ስማቸውን አስቀድመው ይቀይሩ። ሞጁሉ ፒን 0 እና 1 ላይ ከተሰካ ኮድ ሲጭኑ ይንቀሉት፣ አለዚያ አይጫንም።

የርካሾቹ ኡኖዎች የዩኤስቢ ቺፕ በአብዛኛው ሲኤች340 ስለሆነ ኮምፒውተሩ ካላወቃቸው ድራይቨሩን (ኮምፒውተሩ ቺፑን እንዲያውቅ የሚያደርገውን ፕሮግራም) መጫን ያስፈልጋል። ድራይቨሩም ላይብረሪዎቹም ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ይጫኑ፤ ኢንተርኔት የሚቋረጠው ሁልጊዜ በዚያች ሰዓት ነው።

ከ10 ዓመት በታች ላሉ ግን ይህችን ኪት አንመክርም። ለእነሱ ማይክሮቢት የተባለው ትንሽ የማስተማሪያ ቦርድ ይሻላል፤ 25 ትንንሽ መብራት፣ ሁለት ቁልፍና የእንቅስቃሴ ሴንሰር ቦርዱ ላይ ስላሉ ሽቦ ሳይነኩ በብሎክ ኮድ (ስክሪን ላይ ብሎኮችን በማገጣጠም በሚሠራ ኮድ) ይጀምራሉ። ሁለተኛው ሥሪት ድምፅ ማጉያና ማይክሮፎንም አለው።

ልጅዎን ካምፕ ከማስመዝገብዎ በፊት አንድ መኪና ለስንት ልጅ እንደሚደርስ ይጠይቁ። ለሁለት ጥሩ ነው፤ ሦስተኛው ተመልካች ይሆናል። መኪናዋን ልጁ ወደ ቤት የሚወስዳት ከሆነም ቻርጀሩ አብሮ መሰጠቱን ያረጋግጡ፤ ያለ እሱ ባትሪዋ ባለቀበት ቀን መደርደሪያ ላይ ትወጣለች።