የሩጫ ፊልም ፍለጋ ደሴ ፒያሳ

ፒያሳ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭን አንድ ጠባብ ቤት አለ። ቅዳሜ ጠዋት ጎራ አልኩ። የስፖርት መምህር ነኝ፤ ለተማሪዎቼ ስለ አትሌት የተሠራ ፊልም ፈልጌ ነበር። ልጁ «ጋሼ፣ የቦክስ ነው የኳስ?» አለኝ። «የሩጫ» አልኩት። ኮምፒዩተሩን ቢያገላብጥ ቡጢ በቡጢ ነው። ሳይሰለች ፈልጎ ሁለት አገኘልኝ።

አንዱ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ኢንዱራንስ» ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱን ሆኖ ይተውንበታል። የአትላንታው 10,000 ሜትርም አለበት። ኃይሌ ሲሮጥ ግራ እጁን ጠጋ አድርጎ እንደሚይዝ ታውቃላችሁ፤ ልጅ ሆኖ ደብተር ታቅፎ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የያዘው ልማድ ነው። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ሜዳውን ዞሩት። ደስ አለኝ።

ሁለተኛው ስለ አበበ ቢቂላ የተሠራው «አትሌቱ» ነው። ልቤን የነካው ይሄ ነው። ብዙ የስፖርት ፊልም ሜዳሊያ አጥልቆ ያልቃል። እዚህ ግን በ1969 እ.ኤ.አ. የመኪና አደጋ እግሩን ከነሳው በኋላ ያለው አበበም አለ። ቀስት ይወረውራል፤ ኖርዌይ በረዶ ላይ በውሻ ጋሪ ይወዳደራል። ሮም በባዶ እግሩ ማሸነፉን ሁሉም ያውቃል። ይሄኛውን አበበ ግን ከተማሪዎቼ አንድም የሚያውቀው አልነበረም።

የቤቱ ጉድለት አንድ ነው፤ የ«አትሌቱ» ድምፅ መሃል ላይ ከምስሉ ተለያየ። መልሼ ስወስደው ልጁ ይቅርታ ብሎ በነፃ ሌላ ጫነልኝ። ስትሄዱ እዚያው አስከፍታችሁ ድምፁን ስሙት።