ከዚራ ጡረታ ልትቀበሉ ከሄዳችሁ

በወሩ መጀመሪያ አባዬን ይዤ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ ባንክ ቅርንጫፍ ሄድኩ። ስሙ ይቅር። ጡረታው የሚገባው እዚያ ነው። ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቻለሁ፣ አንዷ ለጥበቃው ናት።

አባቴን «አለ፣ ሄደ» እያልኩ ስጽፍ ከሌላ አገር የምታነቡ እንዳትቆጡኝ። ድሬ ነን። እዚህ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» ነው የምንለው፣ አክብሮቱ በሌላ ነው የሚታየው።

ቤቱ አምሯል። ኤሲ አለ፣ በእኛ ሙቀት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የተራ ቁጥር የሚሰጥ ማሽንም አስገብተዋል። ግን ቁጥሩ የሚታየው ግድግዳ ላይ በተሰቀለች ትንሽ ስክሪን ነው፣ እኔ ራሴ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ነው ያነበብኳት። ወንበሮቹ ላይ ወጣቶች ስልካቸውን ይጎረጉራሉ፣ ጡረተኞቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ጥበቃው ነው አንዱን «ተነስ አቦ፣ አባትህ ቆሟል» ብሎ ያስነሳልን።

ተራችን ደረሰ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ በጣም ትሁት ነው፣ «እንደምን አደሩ አባት፣ እርስዎ ደህና ነዎት?» ምናምን። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዞረና «ስንት ነው የሚያወጡት?» አለኝ። እኔን! «መታወቂያቸውን ስጠኝ።» «ፊርማቸው አልተመሳሰለም፣ ንገራቸው።» አባዬ እዚያው ቆሟል እኮ። ደብተሩ በስሙ፣ ብሩ የራሱ፣ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ዕድሜውን ጨርሶ ያገኘው ጡረታ፣ እና እንደ ዕቃ በአናቱ ላይ እንነጋገራለን። ሁለቴ «እሱን ጠይቀው» አልኩት። አልገባውም።

አሻራ ይስጡ ተባለ። ማሽኑ እምቢ አለ። «እጅዎን ታጥበው ይሞክሩ» ሲለው አባዬ «ታጥቤ ታጥቤ ነው ያለቀው» አለው፣ ከኋላ ያሉት ሳቁ። ስንት ዓመት ብረት የሞረደ ጣት ነው፣ በዚያ ላይ አሻራ በዕድሜ ይሳሳል። ጡረተኛ የሚያስተናግድ ባንክ ይሄን አያውቅም ብዬ አላምንም።

መጨረሻ ላይ መፍትሔ ብሎ ያመጣው ደግሞ «ልጅዎ ሞባይል ባንኪንግ ይጫንልዎትና ይገላገሉ» የሚል ነው። የሚስጥር ቁጥሩን ልጅ ይያዘው ማለት ነው። እኔ ሌባ ብሆንስ? የአባቱን ጡረታ በስልክ የሚበላ ልጅ በየሰፈሩ አለ፣ አባትየው አፍሮ ዝም ይላል እንጂ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይረዳል ይላል። እሺ፣ አቅም። ወደ ባለቤቱ ዞሮ «ስንት ልስጥህ?» ለማለት ግን ምን አቅም ይጠይቃል? አንቀጽ 24 ደግሞ ማንኛውም ሰው ሰብዓዊ ክብሩ የመከበር መብት አለው ሲል እስከ 60 ዓመቱ ድረስ አላለም።

ለማንኛውም የምትሄዱ ከሆነ የወሩን የመጀመሪያ ቀናት ዝለሏቸው፣ መነጽርና የቆየውን ደብተር ያዙ። አሻራው እምቢ ካለ ኃላፊዋን አስጠሩ፣ የእኛን የጨረሰችልን እሷ ናት። ሁለተኛዋ ኮከብ የእሷ ናት።

ስንወጣ ባጃጅ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ የአባዬን ክንድ ያዘና «የት ላድርስህ አባዬ?» አለው። እሱን።

«ቀፊራ» አለ አባዬ። «ይሄ ልጅ ከፈለገ በእግሩ ይምጣ።»