በያጅ ቤት የሚሠራው አንከባላይ የእንቁላል መጣያ፦ ለእንቁላል በላተኛዋ ፍቱን፣ ለታቃፊዋ ግማሽ

ድሬዳዋ ላይ በግቢው አሥርም ሃያም ዶሮ የያዘ ሰው ሁለቱ ችግሮች ተያይዘው ሲመጡበት ያያል። አንዷ መታቀፍ ያምራትና መጣያው ላይ ተለጥፋ ትቀራለች። ሌሎቹ ቦታ ሲያጡ እላይዋ ወጥተው ይጥላሉ፤ እንቁላል ከእንቁላል ይጋጫል፣ አንዱ ይሰነጠቃል። አስኳሉን የቀመሰች ዶሮ ከዚያ ወዲያ ደህናውንም በመንቁሯ እየቀጠቀጠች ትበላለች፤ ሌሎቹም እሷን አይተው ይማራሉ። ወለሉ ዘንበል ያለው፣ እንቁላሉ እንደተጣለ ተንከባሎ ወደ ኋላ የሚገባበት የብረት ሳጥን የሚታዘዘው ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። እንቁላል መብላትን ለማስቆም ከዚህ የሚሻል ዕቃ አናውቅም። መታቀፍን ግን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። በዚያ ላይ ከበያጁ እጅ እንደወጣ ድሬዳዋ ፀሐይ ላይ ማቆም ዶሮ መጥበስ ነው።

ስታዝዙ ልኩን ጽፋችሁ ስጡ። አንዱ ክፍል ወርዱ 30፣ ጥልቀቱ 40፣ ከፍታው 35 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ ይበቃል። ለ20 ዶሮ አራት ክፍል ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ግን 120 ሴንቲ የሚረዝም አንድ ሳጥን ከማሠራት ባለ 60 ሴንቲ ሁለት ማሠራት ይሻላል። ለባጃጅም ይቀላል፣ ለእጥበትም አንድ ሰው ያነሳዋል። እግሩ ከመሬት 50 ሴንቲ ያህል ከፍ ይበል፤ ፊት ለፊቱ መቆሚያ እንጨት ይኑረው።

ዋናው ነገር የወለሉ ዝንባሌ ነው። 40 ሴንቲ ጥልቀት ላይ የኋላው ከፊቱ ከ5.5 እስከ 7 ሴንቲ ዝቅ ሲል ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ይሆናል፤ ልኩ ይኸው ነው። በያጁ «በደንብ ይንከባለል» ብሎ 12 ሴንቲ ካወረደው እንቁላሉ ሮጦ ከብረቱ ጋር ይላተማል፤ ዶሮዋም እግሯ ስለሚንሸራተት ሳጥኑን ትታ ጥግ ፈልጋ መሬት ላይ ትጥላለች። 3 ሴንቲ ብቻ ከሆነ ደግሞ እንቁላሉ እዚያው ይቆማል። ስትረከቡ አንድ እንቁላል ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ብየዳ ቤቱ ውስጥ ሞክሩት፤ ሳይሮጥም ሳይቆምም ዝም ብሎ መሄድ አለበት።

በወለሉና በእንቁላል ማረፊያው መካከል ያለው ክፍተት 6 ሴንቲ ይበቃዋል። ማረፊያው ከክፍተቱ አልፎ 15 ሴንቲ ይርዘም፤ ካጠረ ዶሮዋ አንገቷን አስገብታ ትደርስበታለች፣ ያን ጊዜ ያወጣችሁት ገንዘብ ከንቱ ነው። ክፍተቱ ላይ ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ እንደ መጋረጃ ቢንጠለጠል ፍጥነቱንም ይቀንሳል፣ ዕይታዋንም ይጋርዳል። ማረፊያው ከላይ በማጠፊያ የሚከፈት ክዳን ይኑረው።

ባዶ ሽቦ ወለል አትቀበሉ፤ እንቁላል ይሰነጥቃል፣ የዶሮ እግር ያቆስላል። አጭር የፕላስቲክ ሣር ምንጣፍ ቆርጦ ማንጠፍ ጥሩ ነው፤ በየሳምንቱ አውጥቶ በሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ያስፈልጋል። ጭድ ግን አታብዙበት፤ እንቁላሉን ይዞ ያስቀረዋል።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቴርሞሜትሩ 35 ዲግሪ በሚነካበት ከተማ ላሜራ ሳጥን ውስጥ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የሳቢያንም የመጋላም ሰው ያውቀዋል። በእያንዳንዱ ክፍል ግድግዳ ላይ ከላይ በኩል 2 ሴንቲ ስፋት ያላቸው ስድስት ወይም ስምንት ቀዳዳዎች ይበሱ። ጣሪያው ላይ ኮምፔንሳቶ በ3 ሴንቲ ክፍተት ይደረብበት፣ ውጭው ነጭ ይቀባ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ ጥግ ወይም ኒም ዛፍ ሥር ይቁም። ሐረር ከፍ ብላ ቀዝቀዝ ስለምትል ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልጋትም።

ሙቀቱ ሌላም ነገር ያበላሻል። ዶሮ ስታለከልክ ከደሟ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅርፊት ለመሥራት የሚያስፈልጋት ነው፤ ስለዚህ በሙቀቱ ወራት ቅርፊቱ ይሳሳል፣ የሳሳ ቅርፊት ደግሞ ራሱ ለመብላት ይጋብዛል። ማሽላና ፉርሽካ ብቻ የምትበላ ጣይ ዶሮ በቀን የሚያስፈልጋትን 4 ግራም ያህል ካልሲየም ከየትም አታገኝም። ሳጥን ከማዘዛችሁ በፊት መኖውን አስተካክሉ፦ የጣይ መኖ ስጡ፣ ወይም ፋጉሎ ጨምራችሁ በተለየ ሳህን ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የተሰበረ የኖራ ድንጋይ አስቀምጡላቸው። የኖራ ድንጋይ ስንል ግድግዳ የሚቀባውን የተቃጠለ ኖራ አይደለም፤ እሱ ያቃጥላቸዋል። ጠጠሩን አመሻሽ ላይ መስጠት ይመረጣል፤ ቅርፊቱ በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ነውና። ቀዝቃዛ ውኃ ጥላ ውስጥ አይጥፋ።

በሳጥኑ ፋንታ እንቁላል ውስጥ በርበሬ ሞልቶ ማስቀመጥን የሚመክሩ አሉ። ጉልበት ማባከን ነው፤ አእዋፍ የበርበሬን ማቃጠል አይሰማቸውም። የሚሠራው የጄሶ እንቁላል ነው። እንቁላል ከጫፉ በስታችሁ ባዶ አድርጉት፣ እጠቡት፣ ጄሶ ሙሉበት፤ ሲደርቅ ቅርፊቱን ላጡት። ደጋግማ ትነቁረዋለች፣ ምንም አታገኝም። ይኸው ነገር አዲሱን ሳጥንም ያስለምዳል፦ ለመጀመሪያው ሳምንት ከኋላ እግሮቹ ሥር እንጨት አስገብታችሁ ወለሉን ለጥ አድርጉት፣ በየክፍሉ አንድ የጄሶ እንቁላል አኑሩ፣ ከዚያ እንጨቱን አውጡ። አሮጌው መጣያ በዚያው ቀን ከግቢው ይውጣ፤ ካለ ወደዚያው ይሄዳሉ። መጀመሪያ ግን በላተኛዋ ዶሮ መሆኗን አረጋግጡ። ዶሮ ከበላችው እርጥብ ምንጣፍና የቅርፊት ስብርባሪ ይቀራል፣ መንቁሯም ላይ አስኳል ይደርቃል፤ እባብ ግን ሙሉውን ውጦ ምንም አይተውም።

ስለ መታቀፍ ያለን ቅሬታ ሻጮች «ይህ ሳጥን ካለ ዶሮ አትታቀፍም» ሲሉ ነው። እውነቱ ይህ ነው፦ ሥሯ የተጠራቀመ እንቁላል፣ ጨለማና ሙቀት የመታቀፍ ስሜቷን ያነሣሡታል፤ ሳጥኑ እንቁላሉን ይወስድባታል፣ ጨለማውንና ሙቀቱን ግን ይተውላታል። የሀበሻ ዶሮ ባዶ ወለልም ላይ ትታቀፋለች። ለእንቁላል ተብላ የተዳቀለችው ቦቫንስ ብራውን ላይ ይህ ብዙም አይታይም፤ ለሥጋም ለእንቁላልም የምትሆነው ሳሶ መካከል ላይ ናት።

ማታ ቆጥ ላይ ሳትወጣ መጣያ ውስጥ ያደረች፣ ላባዋን ነፍታ የምትቆጣ፣ በቀን አንዴ ብቻ ወጥታ ትልቅ የሚከረፋ ኩስ የምትጥል ከሆነ ታቅፋለች። ዘቅዝቆ ማንጠልጠልም ሆነ አፍንጫዋ ላይ ላባ መሰካት ማሠቃየት ነው፤ ተዉት። ለያዛችሁት በያጅ አንድ ተጨማሪ ነገር እዘዙት፦ 60 በ60 ሴንቲ፣ ከፍታው 50 የሆነ፣ ወለሉ 2.5 ሴንቲ ቀዳዳ ያለው ሽቦ የሆነ ጎጆ። በብሎኬት ላይ 40 ሴንቲ አንሥታችሁ ነፋስ ከሥሩ በሚያልፍበት ጥላ አስቀምጡት። ምንም ጉዝጓዝ አይግባበት፤ መኖና ውኃ ግን አይጉደልባት። ሆዷ ሥር ሲቀዘቅዝ ስሜቱ ይሰበራል። ከ3 እስከ 4 ቀን በኋላ ማታ ቆጥ ላይ መልሷት፤ ጠዋት መጣያ ውስጥ ካገኛችኋት ሁለት ቀን ጨምሩላት። መጣል የምትጀምረው ግን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ለዋጋው የተሻለ ጥቅም ያለው ዕቃ የትኛው ነው ካላችሁን፣ ይህ የሽቦ ጎጆ ነው።

ጫጩት ማስፈልፈል የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ አንከባላዩ ሳጥን ለዚያ አይሆንም። ወለሉ ለጥ ያለ፣ ጭድ የተጎዘጎዘበት አንድ መጣያ ከሌሎቹ ለይታችሁ አዘጋጁ፣ ታቃፊዋን በሌሊት አዛውሯት፣ ከ10 እስከ 12 እንቁላል በአንድ ጊዜ አስታቅፏት፤ እያንዳንዱ ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግ፣ ሌሎች ኋላ የጣሉባት በየቀኑ ይነሣ፤ አለዚያ 21ኛው ቀን ላይ ጫጩቶቹን ይዛ ስትነሣ ግማሽ ያደገው እንቁላል ሜዳ ይቀራል።