ኤክስተርናል ዲስክ፣ ናስ ወይስ ክላውድ? ለትንሽ ቢሮ የሚሆን ባክአፕ

ባክአፕ (ዋናው ፋይል ሲጠፋ የሚተካ ቅጂ ማስቀመጫ) ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ቴራ ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን ሌላ ሁለት ጥያቄ አስቀድማለሁ። ኮምፒውተሩ ዛሬ ጠዋት ቢሞት ስራ ሳትሰሩ እስከ መቼ መቆየት ትችላላችሁ? የስንት ቀን ስራ ቢጠፋባችሁ ትችሉታላችሁ? ሂሳቡን በፒችትሪ የሚይዝ አምስት ሰው ያለበት ቢሮ እንውሰድ።

ኤክስተርናል ዲስክ ርካሹ ነው። ዳታ ለመመለስም ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ሰክቶ መገልበጥ ነው። ችግሩ ሰው ላይ ነው። አርብ አርብ ባክአፕ የሚያደርገው ልጅ ፈቃድ ሲወጣ ባክአፑም አብሮት ፈቃድ ይወጣል። ደግሞ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ሲገባ ከዋናው ጋር አብሮ ይቆለፋል። ስለዚህ ሁለት ግዙና አፈራርቁ፤ አንደኛው ከቢሮ ውጭ ይደር፣ ያውም በፓስወርድ ተቆልፎ።

ናስ ከኔትወርክ ጋር የሚገናኝ የዲስክ ሳጥን ነው፤ ሲኖሎጂና ኪውናፕ የታወቁት ናቸው። ሰው ሳይነካው በየሰዓቱ ባክአፕ ያደርጋል፣ የትናንቱን ፋይል በደቂቃዎች ይመልሳል። ብዙዎቹ ሳጥኖች ያለ ዲስክ ስለሚሸጡ የዲስኮቹን ዋጋ ደምሩበት። መብራት ድንገት ሲጠፋ ዳታው እንዳይበላሽ ዩፒኤስም (ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ያስፈልገዋል። ሻጮች «ሬይድ ስላለው አትስጉ» ይላሉ፣ እሱን አትስሟቸው! ሬይድ (እዚህ ያው ዳታ ሁለት ዲስክ ላይ እኩል የሚጻፍበት አሰራር) አንድ ዲስክ ሲሞት ስራው እንዳይቆም ያደርጋል እንጂ በስህተት የጠፋ ፋይል ከሁለቱም ዲስክ ነው የሚጠፋው። ሳጥኑን ለኢንተርኔት ክፍት አታድርጉት፤ በ2021 ኪውሎከር፣ በ2022 ዴድቦልት የተባሉ ራንሰምዌሮች ብዙ የኪውናፕ ሳጥኖችን የቆለፉት በዚያ በኩል ገብተው ነው።

ክላውድ (በኢንተርኔት የምትጠቀሙበት የሌላ ድርጅት ማከማቻ) ቢሮው ቢቃጠል ወይም ቢዘረፍ እንኳን ይተርፋል። ግን ስትመልሱ ሂሳቡን አስቡት፦ 500 ጊጋባይት በ10 ሜጋቢት መስመር ሳይቋረጥ ቢወርድ እንኳ ከአራት ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል። ኢንተርኔቱ ጭራሹን ሲዘጋስ? በ2020 ክረምት ሀገሩ በሙሉ ለሳምንታት ያለ ኢንተርኔት መቆየቱን የሚረሳ ያለ አይመስለኝም። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ከሆነም ካርዱ አልሰራ ብሎ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥባችሁ። ጉግል ድራይቭ ላይ ፎልደር ማመሳሰልን ብቻ ባክአፕ ብላችሁ አትመኑ፤ እዚህ የተበላሸው እዚያም ይበላሻል፣ የድሮው ቅጂ የሚቆየውም ለተወሰነ ጊዜ ነው። ቅጂው የት እንደሚቀመጥም ጠይቁ። መጋቢት 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው የክላውድ ኩባንያው የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ሲቃጠል፣ ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል።

እኔ ብሆን ለዚህ ቢሮ ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ገዝቼ የፒችትሪውን ፎልደር ብቻ በየማታው ክላውድ ላይ እጭናለሁ። ትንሽ ስለሆነ በደካማ መስመርም ይወርዳል። ናስ የምገዛው ብዙ ሰው አንድ ፋይል ላይ ቀኑን ሙሉ የሚሰራ ከሆነና የግማሽ ቀን ስራ ማጣት እንኳ የሚጎዳ ከሆነ ነው። የትኛውንም ብትገዙ ግን ገንዘቡን ጨርሳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ገጣሚው ባክአፑን ሌላ ባዶ ኮምፒውተር ላይ መልሶ ፒችትሪን ከፍቶ ያሳያችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀበትም ያዙ።