የማህፀን በር ቅድመ ምርመራ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ፦ ምርመራው ጥሩ ነው፣ መኖሩን የሚናገር ግን የለም

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱና አካባቢው ለምትኖሩ ሴቶች ነው፣ በተለይ 30 ዓመት ላለፋችሁ። በሰፈራችን የመንግሥት ጤና ጣቢያ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ይሰጣል። ተመርምሬያለሁ። ምርመራው ራሱ በጣም ጥሩ ነው። እሱ ጋ ለመድረስ ያለው ጣጣ ነው የሚያናድደው።

ከጥሩው ልጀምር። ሲስተሯ በር ዘግታ፣ መጋረጃ ስባ፣ የምታደርገውን ሁሉ ቀድማ እየነገረችኝ ነው የሠራችው። የማህፀን በር ላይ እንደ አቼቶ ያለ ቀለል ያለ አሲድ በጥጥ ትቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። የተለወጠ ህዋስ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ትንሽ ቆጥቆጥ አደረገኝ እንጂ አላመመኝም። ውጤቱን እዚያው ነገረችኝ፤ ላቦራቶሪ የለ፣ «ከሳምንት በኋላ ነይ» የለ። ነጭ ነገር ቢገኝና ለሕክምናው የሚመች ከሆነ ደግሞ ገና ካንሰር ሳይሆን፣ በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ በሚሠራ መሣሪያ በዚያው ቀን ሊታከም ይችላል። ገንዘብ አልተጠየቅኩም። እግዜር ይስጣት፣ ሥራዋን የምትወድ ልጅ ናት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ግቢው ውስጥ ስለዚህ ምርመራ የሚናገር አንድ ወረቀት እንኳ አልተለጠፈም። ካርድ ክፍል «ለምንድነው የመጣሽው?» የምትባዪው ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ ነው፤ ስንቷ ናት እዚያ መሀል ማህፀኔን ልታይ ነው የምትለው? ምርመራው ደግሞ በተወሰኑ ቀናት፣ ጠዋት ብቻ ነው። ጉልት ለምትቸረችር፣ ሕንፃ ሥር በቀን ሥራ ለምትውል፣ ሰው ቤት ለምትሠራ ሴት ጠዋቷን መተው ማለት የዕለት ገቢዋን መተው ነው።

ታዲያ የሚመረመረው ማነው? ለእርግዝና ክትትል ወይ ልጅ ልታስከትብ መጥታ «በዚያው ተመርመሪ» የተባለችው። መውለድ ያቆመችውን ጤና ጣቢያ የሚያመላልሳት ጉዳይ የለም፣ አደጋው ግን በዕድሜ ይጨምራል። ብሎካችን ያሉ አንዲት ከ50 በላይ የሆኑ እናት አብረውኝ ሄደው «የእርስዎ ዕድሜ አልፏል» ተብለው ተመለሱ። ምክንያት አለው፤ የወር አበባ ከቆመ በኋላ መታየት ያለበት ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚገባ በዓይን ማየቱ አስተማማኝ አይሆንም። ግን ይህን ማን አስረዳቸው? ሌላ ዓይነት ምርመራ ወዳለበት ማን ሪፈር ጻፈላቸው? ማንም! በጣም ነው ያዘንኩት።

እ.ኤ.አ. በ2015 በተሠራ ሀገር አቀፍ ጥናት ከ30 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ተመርምረው የሚያውቁት ከ100 ወደ 3 ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ይደረስበት ያለው ከ100 70 ነው። በካንሰሩ የሚታመሙት ሴቶች ቁጥር ራሱ ደግሞ ሁላችንንም አያይም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያለው የካንሰር ምዝገባ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመዘግበው የአዲስ አበባ ነዋሪን ነው። ከእኛ ትንሽ አለፍ ስትሉ ኦሮሚያ ክልል ያለው ሸገር ከተማ ነው፤ ገበያችን አንድ፣ ታክሲያችን አንድ፣ እዚያ ያለችዋ ብትታመም ግን በዚህ መዝገብ አትቆጠርም።

ጤና ጣቢያውን የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ማስታወቂያ ለጥፉ፣ ቅዳሜን ጨምሩ። የበላይ አካል ደግሞ ይህን ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ፣ ማለትም ኤችፒቪን፣ የሚለየውን ምርመራ ወደ ዳር ሰፈሮችም ያምጣልን። ናሙናውን ሴቷ ራሷ መውሰድ ትችላለች፤ ለምታፍር ሴት ትልቅ እፎይታ ነው።

እስከዚያው ስትሄዱ የወር አበባ ላይ አትሁኑ። ካርድ ክፍል «እናቶችና ሕፃናት ክፍል» ብቻ በሉ፣ የቀረውን ውስጥ ለሲስተሯ ንገሯት። ኤች አይ ቪ በደማችሁ ካለ በዚህ ካንሰር የመያዝ አደጋው 6 እጥፍ ገደማ ስለሆነ 30 ዓመትን አትጠብቁ፤ መድኃኒት የምትወስዱበት ክፍል ጠይቁ። ከወር አበባ ውጭ ወይም ከግንኙነት በኋላ ደም ካያችሁ ግን ይህን የምርመራ ቀን ሳትጠብቁ በቀጥታ ሐኪም ጋ ግቡ።