አዳማ ላይ የሚሸጠው ባለ 100 ሊትር የኢታኖል ማጣሪያ፦ ብረቱ ጥሩ፣ መቆጣጠሪያው ደካማ

ብየዳው ንጹሕ ነው። ከታች የሚወጣው ትኩስ ውሃ ገቢውን ፈሳሽ ቀድሞ ማሞቁ የመብራት ወጪን በደንብ ይቀንሳል።

ችግሩ የሙቀት ሴንሰሩ ነው። 78 ዲግሪ ላይ ተስተካክሎ ይመጣል፤ ይህ ግን የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ከ1,600 ሜትር በላይ ባለችው አዳማ ኢታኖል 73 ተኩል ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ በ78 ከተሠራ ብዙ ውሃ አብሮ ያልፋል። ሴንሰሩ የማጣሪያው ማማ አናት ላይ መተከሉም አያስኬድም፤ እዚያ ንጥረቱ ቢወርድም ሙቀቱ መጀመሪያ ላይ እምብዛም አይነቃነቅም። ጥቂት ትሪ (በማማው ውስጥ የተደረደሩት ሳህኖች) ዝቅ ቢል የውሃው ወደ ላይ መውጣት ቀድሞ ይታያል፣ ያኔ ሪፍለክሱን (ቀዝቅዞ ወደ ማማው የሚመለሰውን አልኮል) መጨመር ነው።

ሻጩ «99 በመቶ» ይላል። በማፍላት ብቻ ግን በክብደት ከ95.6 አይዘልም፤ ቀሪውን ውሃ የሚመጠው 3ኤ ሞለኪውላር ሲቭ (ውሃን መርጦ የሚይዝ እንክብል) ነው፣ እሱ ደግሞ ለብቻው ይሸጣል። 10 ኪሎ ሲቭ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ውሃ ይችላል። ጠብታ እንክብሉን ስለሚሰባብር እንፋሎቱ ትንሽ ተጨማሪ ይሙቅ። ሲቩ ውሃ ሲጠግብ አልኮሉ ሙሉ በሙሉ ከወጣለት በኋላ ብቻ ከ200 ዲግሪ በላይ ይደረቅ፣ አለዚያ እሳት ነው።

መብራት ሲጠፋ የማቀዝቀዣው ፓምፕ ይቆማል፣ ድስቱ ግን መፍላቱን ወዲያው አይተውም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሮቶ ሰቅሎ ውሃው በራሱ እንዲወርድ ማድረግ የግድ ነው፤ ማሽኑ ይህን ይዞ አይመጣም።