የሕፃናት ክፍላችን በቅርብ ሲታይ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በሰንበት ትምህርት ቤቱ የሕፃናት ክፍል በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ልጅ ለመላክም ሆነ ለማገልገል ላሰባችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከሁሉም ደስ የሚለኝ ርክክቡ ነው። ልጁን ያመጣ ሰው ስሙንና ስልኩን መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ቁጥር ያለበት ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱን ያልያዘ ሰው፣ አጎት ነኝ ቢል እንኳ፣ ለወላጅ ሳይደወል ልጅ ይዞ አይወጣም። አንድ አገልጋይም ብቻውን ከልጆች ጋር አይቀርም። እኛ ሰፈር ሁሉም ከየአቅጣጫው የመጣ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ገና በደንብ አልተዋወቀም። ለእኔ እንደ እናት ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

መዝሙሩ ግሩም ነው። ከበሮው ሲመታ ዓይን አፋሮቹ ሳይቀሩ ያሸበሽባሉ። በሆሳዕና ሰሞን ከዘንባባ ቀለበትና መስቀል መሥራት እናስተምራቸዋለን። ትንንሾቹ ቅጠሉን በጥርሳቸው ነክሰው ሲያጥፉት አንጀት ይበላሉ!

ችግሩ ክፍሉ ነው። ቆርቆሮ ስለሆነ ክረምት ላይ ዝናቡ ሲወርድ መደማመጥ የለም። የ4 ዓመቱና የ11 ዓመቱ አብረው መማራቸውም አይዋጥልኝም፤ ትልልቆቹ ይሰለቻሉ፣ ትንንሾቹ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ለመለየት ደግሞ መምህር ያንሳል።

ለማገልገል ጥሩ ድምፅ ግዴታ አይደለም። ልጅ የሚወድና ሰዓት የሚያከብር ሰው ይበቃል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎራ ብላችሁ አስተባባሪዋን አነጋግሩ። ባለቀለም እርሳስ ይዛችሁ ብትመጡማ እሰየው።